ጡረታ የወጡ ባለሙያዎችና የተማሪዎች ሙያ ምርጫ፦ ከጥሪው እስከ ክትትሉ

ትምህርት ቤቶች ጡረታ የወጣ ባለሙያ ሲጋብዙ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። ተማሪው አዳራሽ ይሰበሰባል። እንግዳው ማይክ ይይዛሉ። ከልጅነታቸው ጀምረው ሕይወታቸውን ይተርካሉ፣ «ጠንክራችሁ ተማሩ» ብለው ይጨርሳሉ፣ ይጨበጨባል። በማግስቱ አንዷን ተማሪ «ከትናንቱ ምን ያዝሽ?» ብትሏት «ጎበዝ ሰው ናቸው» ትላለች። ስለ ሥራው ግን የምትነግራችሁ ነገር የላትም። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ሥራ ምን እንደሆነ እንኳ በደንብ አልገባትም።

ጥፋቱ የእንግዳውም የተማሪዋም አይደለም፤ የዝግጅቱ ነው። ጡረተኛው የሚመጣው ሊመክር ሳይሆን ሊጠየቅ ነው ብላችሁ ከተነሳችሁ ሌላው ሁሉ መልክ ይይዛል። የክፍሉ አቀማመጥ፣ የሰዓቱ አከፋፈል፣ የሰዎቹ አመራረጥ፣ ሁሉም ከዚህ ይመነጫል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ለርዕሰ መምህራን፣ ለትምህርት ቤት አማካሪዎችና እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመር ለሚያስብ ወላጅ የተጻፈ ነው።

ደረጃ 1፦ ከእነሱ የምትፈልጉትን ለዩ

በሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ትምህርት ቤት ሲመጣ መሥሪያ ቤቱን ይዞ ነው የሚመጣው። አለቃ አለው። የሚናገረው ነገር ነገ ሊያስጠይቀው ይችላል። ኮሌጆች ተማሪ ይፈልጋሉ፣ ቀጣሪዎች ሠራተኛ ይፈልጋሉ፣ ወላጆችም የራሳቸው ምኞት አላቸው። ለልጁ ስለ ሙያ ከሚያወሩት ሰዎች መካከል ከልጁ ምርጫ ምንም የማያተርፈው ጡረተኛው ነው። «ይህ ሥራ ወገብ ይጎዳል» ይላል። «የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ማንም ዞር ብሎ አላየኝም» ይላል። «ልጆቼ ሲያድጉ እኔ መስክ ላይ ነበርኩ» ይላል። ይህን የሚነግር ብሮሹር የለም።

በዚያ ላይ ጡረተኛው መንገዱን እስከ መጨረሻው አይቶታል። ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት የሆነው ወጣት የሙያውን መግቢያ ያውቃል፤ መሃሉን ግን ገና አላየውም። በአርባ ዓመቱ የሚመጣውን መሰላቸት፣ እድገት ሲቀር የሚሰማውን፣ ሙያ ቀይሮ እንደገና መጀመርን መናገር የሚችለው ያለፈበት ሰው ነው።

የሌላቸውንም በግልጽ እናስቀምጥ። የዛሬውን የመግቢያ መስፈርት፣ የዛሬውን ደመወዝ፣ የዛሬውን ሶፍትዌር ብዙዎቹ አያውቁም። ቢያውቁም ከጥቂት ዓመታት በፊት የነበረውን ነው። ይህን ከእነሱ መጠበቅ እነሱንም ልጆቹንም መበደል ነው። መፍትሔውን በደረጃ 6 እመለስበታለሁ።

አንድ የቆየ መለኪያ እዚህ ላይ ይረዳል። ፍራንክ ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1908 ቦስተን ውስጥ የሙያ ምክር ቢሮ ሲያቋቁም፣ ሙያ መምረጥን በሦስት ነገር ላይ አቁሞታል፦ ራስን ማወቅ፣ ሥራውን ማወቅ፣ ሁለቱን አገናዝቦ መወሰን። ከሦስቱ የጡረተኛው ድርሻ ሁለተኛው ነው። ልጁ ራሱን እንዲያውቅ የሚያግዙት በየቀኑ የሚያዩት መምህራንና አማካሪው ናቸው። ውሳኔው ደግሞ የልጁ ነው። እንግዳው ሥራውን ያሳያሉ፤ «አንተ ይህን ሁን» አይሉም። ይህን ድንበር ከመጀመሪያው ስልክ ጀምሮ ንገሯቸው።

ደረጃ 2፦ ማንን ትጋብዛላችሁ?

ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ፓይለት። ስም ዝርዝር አውጡ ሲባል ሁላችንም አፋችን ላይ የሚመጣው ይኸው ነው። ልጆቹም አፋቸው ላይ ያለው ይኸው ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) እ.ኤ.አ. በ2018 የ15 ዓመት ልጆች በሰጡት መልስ ላይ ተመሥርቶ በ2020 ያወጣው ሪፖርት፣ በ41 አገሮች 47 ከመቶ ወንዶችና 53 ከመቶ ሴቶች በ30 ዓመታቸው እንሠራዋለን ያሉት ሥራ ከአሥር ታዋቂ ሥራዎች አንዱ እንደሆነ ያሳያል። ግማሽ ያህሉ ልጅ አሥር በር ላይ ተጨናንቋል ማለት ነው። ሌላውን በር ስላልወደዱት አይደለም፤ መኖሩንም ስለማያውቁ ነው።

ስለዚህ ዝርዝራችሁን ሆን ብላችሁ አስፉት። የላቦራቶሪ ቴክኒሻን፣ የመሬት ቀያሽ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ፣ የመጋዘን ኃላፊ፣ የሜትሮሎጂ ሠራተኛ፣ የማተሚያ ቤት ባለሙያ፣ አዋላጅ ነርስ፣ የጉምሩክ መርማሪ። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ስንት ዓይነት ሥራ እንዳለ ለልጆች ለማሳየት ከሦስት ሐኪሞች ይልቅ አንድ ሐኪም፣ አንድ የራጅ ባለሙያና አንድ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ይሻላሉ።

ሴት ኢንጂነርና ወንድ ነርስ ፈልጉ። ይህን ለይምሰል አታድርጉት። ሊንዳ ጎትፍሬድሰን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ፣ ልጆች ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ዕድሜ «ይህ የወንድ ነው፣ ይህ የሴት ነው» እያሉ ሥራዎችን ከአእምሯቸው መሰረዝ ይጀምራሉ፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደግሞ ዝቅ ተደርገው የሚታዩትንና ከአቅሜ በላይ ናቸው የሚሏቸውን ይሰርዛሉ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ የሚመርጡት ከተረፈው ነው። የተሰረዘውን መልሶ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ክርክር አይደለም፤ ያንን ሥራ ሠርታ ያረጀች ሰው ፊት ለፊት ማየት ነው።

ሰዎቹን የት ታገኛላችሁ? ከሁሉ የሚቀርበው የተማሪዎቹ አያቶች ናቸው። ለወላጆች አጭር መጠይቅ ላኩ። ከዚያ የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪዎች፣ የሙያ ማኅበራት፣ የጡረተኞች ማኅበራት፣ የመሥሪያ ቤቶች የሰው ኃይል ክፍሎች አሉ። ጥሩ አድርጎ የመጣ አንድ ጡረተኛ ደግሞ ሦስት ጓደኞቹን ያመጣል፤ ከሁሉም በላይ የሚሠራው መንገድ ይህ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ሃያ ሰው ጠርቶ አሥሩን ሥራ ፈት ማስቀመጥ ሰው ያስቀይማል።

ደረጃ 3፦ ጥሪው፣ ትውውቁ፣ የደኅንነት ደንቡ

የጥሪው ደብዳቤ አጭር ይሁን። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጤና ይስጥልን። ተማሪዎቻችን ሙያ ለመምረጥ እየተዘጋጁ ነው። እርስዎ ዕድሜ ልክዎን የሠሩትን ሥራ ከሠራው ሰው አፍ እንዲሰሙ እንፈልጋለን። ንግግር ማዘጋጀት አይጠበቅብዎትም። ሰባት ሰባት ሆነው የሚቀመጡ ተማሪዎች ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፤ እርስዎ ይመልሳሉ። ጠቅላላው ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል በስልክ ወይም በአካል ብናወራ ደስ ይለናል።»

«ንግግር ማዘጋጀት አይጠበቅብዎትም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዉት። ብዙ ሰው «እኔ ምን ተናጋሪ ነኝ» ብሎ የሚሸሸው በዚህ ነው። ከጥሩ ተናጋሪዎቹ ይልቅ ልጆቹን የሚጠቅሙት ብዙ ጊዜ እነዚህ ዝምተኞቹ ናቸው፤ ሲጠየቁ ያለ ማስዋቢያ ይመልሳሉ።

በትውውቁ ላይ ሁለት ነገር አዳምጡ። አንደኛ፣ ስለ ሥራቸው ሲያወሩ ዝርዝር ይናገራሉ ወይስ ማዕረግ ብቻ ይቆጥራሉ? «ከዚያ የመምሪያ ኃላፊ ሆንኩ፣ ከዚያ ዋና ኃላፊ ሆንኩ» የሚሉትን «መምሪያ ኃላፊ ሆነው ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የሚሠሩት ምን ነበር?» ብላችሁ መልሷቸው። አብዛኞቹ ወዲያው ይገባቸዋል። ሁለተኛ፣ ስለ ዛሬ ልጆች ያላቸው አስተያየት። «የዛሬ ልጅ አይረባም» ከሚል ሰው ጋር ልጆች እንዲቀመጡ አታድርጉ። በሙያው የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን።

አሁን የማያወላዳው ነገር። እንግዳው የቱንም ያህል ዕድሜያቸው ቢገፋና ቢከበሩ፣ ከልጆች ጋር ለሚሠራ ማንኛውም አዋቂ የሚሠራው ደንብ ለእነሱም ይሠራል። ማንነታቸውን የሚያረጋግጥ ሰነድና የሚመሰክሩላቸው ሁለት ሰዎች ይኑሩ። ሕጉ የወንጀል ነፃ ማስረጃ የሚጠይቅ ከሆነ ይቅረብ። ተማሪና እንግዳ በተዘጋ ክፍል ብቻቸውን አይቀመጡ። ስልክ ቁጥር አይለዋወጡ፤ መልእክት በትምህርት ቤቱ በኩል ይሂድ። ስጦታ መስጠት፣ ቤት መጋበዝ የለም። ልጁ ስለ ቤቱ ችግር ወይም ስለ ደረሰበት ጥቃት ከተናገረ እንግዳው ምስጢር እጠብቃለሁ አይበሉ፤ በዚያው ዕለት ለአማካሪው ይንገሩ። ይህን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁሉም ይፈርሙ። ሁሉም ከፈረመ የሚከፋው ሰው አይኖርም፤ አንዱን ለይታችሁ ካስፈረማችሁ ግን ይከፋል።

ደረጃ 4፦ እንግዶቹን አዘጋጁ

ረጅም ዘመን የሠራ ሰው የሚያውቀውን ነገር ማወቁን ይረሳል። ለእሱ ግልጽ የሆነው ለልጁ ጨለማ ነው። የሒሳብ ባለሙያው «ሂሳብ እንዘጋለን» ሲሉ ለእሳቸው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን ምን እንደሚዘጋ አያውቅም።

ለዚህ የሚሆን አንድ ገጽ ወረቀት ስጧቸው። ሦስት ዓምድ ይኑረው፦ የጠፋ፣ የተለወጠ፣ የቀረ። በሥራቸው ውስጥ ጨርሶ የጠፋው ምንድን ነው? መልኩን የለወጠውስ? ከጀመሩበት ቀን እስከ ወጡበት ቀን ያልተለወጠው የቱ ነው?

አንድ የሒሳብ ባለሙያ ወረቀቱን ሲሞሉ እንይ። በጠፋው ሥር በእጅ የሚጻፈው ትልቁ መዝገብ ይገባል። በተለወጠው ሥር ድምሩ ይገባል፤ ዛሬ ኮምፒውተር ይደምራል። በቀረው ሥርስ? እዚህ ጋ ቆም ይላሉ። ከዚያ አንድ ዘዴ ያነሳሉ። በእጅ ሲሠራ የመዝገቡ የሁለቱ ወገን (የዴቢትና የክሬዲት) ድምር አልገናኝ ካለ፣ ልዩነቱን ለ9 ያካፍሉት ነበር። ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ የሆነ ቦታ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል። 5,420 ተብሎ መጻፍ ያለበት 5,240 ተብሎ ቢጻፍ ልዩነቱ 180 ነው፤ 180 ለ9 ሲካፈል 20። ይህን ለልጆች ወረቀት ላይ ቢያሳዩአቸው ሁሉም የራሱን ቁጥር እያገላበጠ ይሞክራል። ያኔ ባለሙያው የሚሉት አላቸው፦ ድምሩን ማሽን ወሰደው፤ «ይህ ቁጥር ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ መጠየቁ ግን አሁንም የሰው ሥራ ነው። ያ ልጅ የሒሳብ ሙያ መደመር ብቻ እንዳልሆነ በሩብ ሰዓት ገባው። አንድ ሰዓት ሙሉ ንግግር ይህን አያደርግም።

ከወረቀቱ ቀጥሎ እያንዳንዱ እንግዳ አንድ «የሥራ ቀን ችግር» ያዘጋጅ። ከራሱ የሥራ ዘመን የተወሰደ፣ ልጆች ሊከራከሩበት የሚችሉት እውነተኛ ሁኔታ። የሰው ስምና የመሥሪያ ቤት ስም ይውጣለት። ከቻሉ ደግሞ ዕቃ ይዘው ይምጡ። የቀያሽ መሣሪያ፣ የአዋላጅ የፅንስ ልብ ማዳመጫ፣ የድሮ የሥዕል ወረቀት። ዕቃ እጃቸው የገባ ልጆች ጥያቄ አያጡም።

አንድ ነገር ደግሞ በትሕትና ግን በግልጽ ንገሯቸው፦ «በእኛ ጊዜ» የሚለው ቃል ታሪክ ሲጀምር ጥሩ ነው፤ ወቀሳ ሲጀምር ግን ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘጋሉ።

ደረጃ 5፦ ተማሪዎቹን አዘጋጁ

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙ ናቸው። ውጤቱም ያው ነው፤ «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ጸጥታ። ከዚያ አንዱ ደፍሮ «ስንት ይከፈላል?» ይላል፣ ክፍሉ ይስቃል፣ እንግዳው ግራ ይጋባሉ። በነገራችን ላይ የደመወዝ ጥያቄ ነውር አይደለም። አጠያየቁን ነው ማስተማር። «በጀመሩበት ጊዜ ደመወዝዎ ቤት ለመከራየት ይበቃ ነበር?» ቢባሉ ማንም በደስታ ይመልሳል፤ መልሱም ከቁጥሩ የበለጠ ይናገራል።

ከሳምንት በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ውሰዱ። የሚመጡት ሰዎች ሙያ ይነገራቸውና እያንዳንዱ ተማሪ ሦስት ሙያ ይምረጥ። ሁለቱ የሚፈልጋቸው፣ አንዱ ግን ሰምቶት የማያውቀው ይሁን። ይህ ሦስተኛው ግዴታ ነው። ከዚያ ጥያቄ ይጻፉ። መነሻ የሚሆኑ ጥቂቶቹ እነሆ፦

በሥራው ላይ ከሁሉ የሚያሰለችዎት ምን ነበር?
ሰዎች ስለዚህ ሥራ በስህተት የሚያስቡት ምንድን ነው?
ሥራውን ለመተው ያሰቡበት ጊዜ ነበር? ምን አቆየዎት?
ከትምህርት ቤት ከተማሩት ውስጥ ሥራ ላይ የጠቀመዎት ያልጠበቁት የትኛው ነው?
ያላቀዱት ነገር መጥቶ መንገድዎን የለወጠበት ጊዜ አለ?
ይህ ሥራ ለምን ዓይነት ሰው አይሆንም?

ከእነዚህ ሁሉ አምስተኛውን እንዳይዘሉት እለምናለሁ። ልጆች ሙያ ማለት በአሥራ ስድስት ዓመት የሚወሰን ቀጥ ያለ መስመር ይመስላቸዋል፤ ፍርሃታቸውም ከዚያ ይመጣል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ክሩምቦልዝና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳሰቡት በዚህ ላይ ነው፦ ያልታሰበ አጋጣሚ የሙያ ሕይወት አካል ነው፤ ስለዚህ ልጅ መማር ያለበት አጋጣሚውን መጠቀም ነው፤ ለማወቅ መጓጓትን፣ አለመሰልቸትን፣ ሐሳብን መለወጥ መቻልን። ይህን መጽሐፍ ሲነግራቸው አያምኑም። በሙያቸው የተከበሩ ሰው «እኔ እዚህ ሙያ የገባሁት የፈለግሁት ክፍል ሞልቶ ነው» ሲሏቸው ግን ትከሻቸው ሲቀልላቸው ታያላችሁ።

አጠራሩንም ተለማመዱ። «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «ዶክተር»፣ እንግዳው የሚመርጡትን አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ለልጆቹ ንገሩ። አክብሮት ማለት ግን ዝም ማለት እንዳልሆነ አብራችሁ ንገሯቸው። «እርስዎ» እያሉ ከባድ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል።

ደረጃ 6፦ ቀኑ

አዳራሹን እርሱት። ሰፊ ክፍል ወይም ሁለት ጎረቤት ክፍሎች ይበቃሉ። እያንዳንዱ እንግዳ አንድ ጠረጴዛ ይኑራቸው፤ ከስድስት እስከ ስምንት ተማሪ ይክበባቸው። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ደወል ይደወልና ተማሪዎቹ ወደ ቀጣዩ ይዙሩ። የሚዞሩት ተማሪዎቹ እንጂ እንግዶቹ አይደሉም። ሦስት ዙር፣ በመሃል ዕረፍት። ከዚያ በላይ ድካም ነው።

ጠረጴዛዎቹን አራርቁ። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። የልጆች ድምፅ ቀጭን ነው፤ የሚያስተጋባ ክፍል ሲጨመርበት ሰውየው ድምፁን ሰምተው ቃሉን አይለዩትም። «እንዴ፣ ምን አልሽ?» ማለት ስለሚያሳፍራቸው በግምት ይመልሳሉ፤ ልጅቷም ጥያቄዋ የተናቀ ይመስላታል። ምድር ቤት ያለ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ቅርብ መጸዳጃ ቤት። እነዚህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደሉም፤ ውይይቱን የሚያቆሙት ወይም የሚያፈርሱት እነሱ ናቸው።

ሃያ አምስቱ ደቂቃ እንዲህ ይከፈል። አምስት ደቂቃ እንግዳው አንድ የሥራ ቀናቸውን ከጠዋት እስከ ማታ ይተርካሉ። አሥር ደቂቃ ችግሩን አቅርበው ልጆቹ ይከራከራሉ። አሥሩ የልጆቹ ጥያቄ ነው።

የችግሩ ክፍል ምን እንደሚመስል በአንዲት ነርስ ጠረጴዛ ላይ ልንገራችሁ። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ክፍሉ ውስጥ ያላችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። አንዱ ሕመምተኛ አመመኝ ብሎ ይጮሃል። የአንዷ ግሉኮስ አልቋል። አንድ አዲስ ሰው ደግሞ አሁን ገብቶ ዝም ብሎ ተኝቷል፤ ገና አልተመዘገበም። ማን ጋ ትሄዳላችሁ?» ልጆቹ ወዲያው ይከፈላሉ። አብዛኛው የሚጮኸው ጋ ይላል። አንዱ ግሉኮሱን ይላል። ነርሷ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ ይናገራሉ። «እኔ በር ላይ ቆሜ መጀመሪያ ሦስቱንም በዓይኔ አያለሁ። አተነፋፈሳቸውን፣ መልካቸውን። የሚጮኸው ቢያንስ መተንፈስ ችሏል። የሚያስፈራኝ ዝም ያለው ነው።» ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። ከዚያ አንዲት ልጅ «ተሳስተው ያውቃሉ?» ትላለች። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ውይይት የነርስነት እውነተኛ መልክ ነው። ማንም ስለ ርኅራኄ ንግግር አላደረገም።

በእያንዳንዱ ሁለት ጠረጴዛ አንድ መምህር ይኑር። ሥራው ሦስት ነው፦ ሰዓት መጠበቅ፣ ያልተናገረውን ልጅ ማስገባት፣ ወሬው ሲያፈተልክ መመለስ። እንግዳው ከረዘሙ «ጋሼ፣ ይህችን ጥያቄ እንዳታልፈን» ብሎ የልጁን ጥያቄ ማቀበል ይበቃል። ፖለቲካ ወይም ሃይማኖት ከተነሳም በዚሁ መንገድ ይመለስ።

አንድ አደጋ ግን አለ፤ ተስፋ ማስቆረጥ። ልጁ «እኔ ሥዕል ነው የምወደው» ይላል። ሰውየው በቅን ልቦና «ልጄ፣ እሱን ለትርፍ ጊዜህ አድርገው» ይላሉ። በአምስት ሴኮንድ አንድ በር ተዘጋ። እንግዶቹን አስቀድማችሁ ሌላ መልስ አለማምዷቸው፦ «ምን ምን ትሥላለህ? እኔ በሠራሁበት ቦታ እጁ ሥዕል የሚችል ሰው ካርታና ንድፍ ያዘጋጅ ነበር። ዛሬ ያ ሥራ በኮምፒውተር ነው፤ እንዴት እንደሆነ እዚያ ያለውን ወጣት ጠይቀው።»

ያ ወጣት ማነው? በደረጃ 1 ቃል የገባሁት መፍትሔ ነው። ከየሙያው ባይቻል እንኳ ለተቀራራቢ ሙያዎች አንድ በሥራ ላይ ያለ ወጣት ባለሙያ አንድ ጠረጴዛ ይያዝ። የዛሬው የመግቢያ መስፈርት፣ የዛሬው መሣሪያ፣ ሥራ እንዴት እንደሚፈለግ፣ ይህ የእሱ ድርሻ ነው። በአካል ካልተቻለ አማካሪው ወቅታዊውን መረጃ በአንድ ገጽ አዘጋጅቶ ያድል። አያትና ወንድም ተጋግዘው እንደሚመክሩት ቤት፣ አንዱ የረጅሙን መንገድ ያያል፣ ሌላው የዛሬውን መግቢያ ያውቃል።

ደረጃ 7፦ ከቀኑ በኋላ

በዚያው ሳምንት ተማሪዎች ግማሽ ገጽ ይጻፉ። ያልጠበቅሁት ምን ሰማሁ? ገና ያልተመለሰልኝ ጥያቄ ምንድን ነው? በሚቀጥለው ወር የማደርገው አንድ ነገር ምንድን ነው? ሦስተኛው ትንሽና የሚጨበጥ ይሁን። «ጠንክሬ እማራለሁ» አይቆጠርም። «ያ ሙያ የሚጠይቃቸውን ትምህርቶች አጣርቼ ለአማካሪዬ አሳያለሁ» ይቆጠራል። አማካሪው ወሩ ሲያልቅ ይጠይቅ። ካልጠየቀ ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ያልተመለሱትን ጥያቄዎች ሰብስባችሁ ለእንግዶቹ ላኩላቸው። መልሱ በጽሑፍ ወይም በድምፅ ይምጣና በክፍል ይነበብ።

ከዚህ ቀጥሎ ለጥቂት ተማሪዎች የጠለቀ ድጋፍ ይመጣል። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ሰው በሚያይበት ቦታ፣ በወር አንድ ጊዜ አንድ ለሁለት ወይም አንድ ለሦስት የሚገናኙበት። ሲቪ ማየት፣ የሥራ ኢንተርቪው መለማመድ፣ ማመልከቻ ማረም ጡረተኞች በጣም የሚችሉት ነው፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲቀጥሩና ሲያሠለጥኑ የኖሩ ናቸው። ቦታው ውስን ስለሆነ መጀመሪያ የሚገባው ማነው? ጎበዙ ተማሪ እንዳትሉኝ። የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያው ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ባለሙያዎች አብዛኞቹ ወሬውን የሰሙት ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው እንደነበር አሳይተዋል። የሐኪም ልጅ እንዲህ ያሉ ሰዎች በቤቱ ሲወጡና ሲገቡ ያያል። በቤተሰቡ የቢሮ ሥራ የሠራ ሰው የሌለው ልጅ ግን አንድም አያውቅም። ቅድሚያው ለእሱ ነው።

ደረጃ 8፦ ሰዎቹን አቆዩ

የመጀመሪያው ቀን አምሮ ሁለተኛው ሳይመጣ የሚቀርባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጋትስቢ የተባለ የትምህርት ቤቶች የሙያ ምክር መለኪያ፣ ተማሪ ከ11 ዓመቱ ጀምሮ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ከሥራው ዓለም ሰዎች ጋር ትርጉም ያለው ግንኙነት እንዲኖረው ይጠይቃል። ቁም ነገሩ «በየዓመቱ» የሚለው ነው። አንድ ቀን ያነቃቃል፤ ልማድ የሚሆነው ሲደጋገም ነው።

ጡረተኞች የሚመለሱት ሲከፈላቸው አይደለም። የመጓጓዣ ወጪያቸውን መሸፈን ግን ተገቢ ነው፤ እስኪጠይቁ አትጠብቁ። የሚመልሳቸው የተናገሩት ነገር የት እንደደረሰ ማወቅ ነው። የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። «ከእርስዎ ጋር ከተነጋገረች በኋላ የቅየሳን ነገር መጠየቅ ጀምራለች» የሚል አንድ መስመር ደብዳቤ ግን ኪስ ውስጥ ይኖራል። ለእያንዳንዱ እንግዳ ለየብቻ፣ ከተማሪዎቹ ጽሑፍ የተወሰደ አንድ ዓረፍተ ነገር ላኩ።

ብቻቸውንም አታምጧቸው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዕድሜ የገፉ በጎ ፈቃደኞችን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሰማራው ኤክስፒሪየንስ ኮር የተባለ ፕሮግራም፣ ሰዎቹን አሠልጥኖ በቡድን በቡድን ነበር የሚመድበው። የዚያ ሥራ ማንበብ ማስተማር ነበር፤ ቡድኑ ግን ለሙያ ምክርም ይሠራል። አንዱ ሲታመም ሌላው ይተካል። ከዝግጅቱ በኋላ አብረው ቁጭ ብለው «ያ ልጅ የጠየቀኝን ሰማህ?» ይባባላሉ። ለብዙዎቹ ከሥራ ሲወጡ የቀረባቸው ይኸው ጨዋታ ነው። ለእሱ ግማሽ ሰዓትና አንድ ክፍል መድቡላቸው።

ሠርቷል ወይስ አልሠራም?

«ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ልጆች ከክፍል የሚያወጣቸውን ሁሉ ይወዳሉ። ከዝግጅቱ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ የሚያውቃቸውን ሥራዎች በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይዘርዝር፤ ከወር በኋላ እንደገና ይዘርዝር። ዝርዝሩ ረዘመ? አንድ ሥራ መርጦ «በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው በቀኑ ምን ምን ይሠራል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ጠለቀ? ከአማካሪው ጋር ቀጠሮ የያዙት በዙ? እነዚህ ሦስቱ ይበቋችኋል።

ሐሳቡን የለወጠ ተማሪ ካገኛችሁ አትደንግጡ። «ሕግ ላጠና ነበር፤ ፋይል ማንበብ እንደዚህ ይበዛል ብዬ አላሰብኩም፣ ተውኩት» ያለ ልጅ ከማንም በላይ ተጠቅሟል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሦስተኛው ዓመት የሚያውቀውን ዛሬ አውቆታል።

ለመጀመሪያው ዙር አንድ የክፍል ደረጃ ብቻ ይዛችሁ በአንድ ወሰነ ትምህርት ሞክሩት። ሲያልቅ እንግዶቹን፣ መምህራኑንና አራት አምስት ተማሪዎችን አንድ ላይ አስቀምጡና የትኛው ጠረጴዛ እንደደመቀ፣ የትኛው እንደቀዘቀዘ በግልጽ ተነጋገሩ። የቀዘቀዘው ጠረጴዛ ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው ጥሩ «የሥራ ቀን ችግር» ነው፤ ከደመቀለት ጓደኛቸው ጋር አብረው ያዘጋጁት። ከዚያ የቀጣዩን ዙር ቀን ቁረጡና ከዕረፍቱ በፊት ለሁሉም ንገሯቸው።